ስለ አስታማሚ፤ ከክፉ ቀን ጀምሮ በዋግ የታየው



እንደምታውቁት የእድራችን መዝገብ ብዙ ዓምዶች አሉት። የሟቹ ስም፣ ያረፈበት ቀን፣ የተቀበረበት ቦታ፣ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ፣ ድንኳኑ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን፣ የጎደለው ብርጭቆና የተሰበረው ወንበር ሳይቀር ይጻፍበታል። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ የፈጀን ሰዎች ስለሆንን መዝገብ በተገለጠ ቁጥር ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ጎደለው ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ ሟቹን ማን እንዳስታመመው የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ያ ሰው ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ እንዳደረ፣ ስንት ፍየል እንደሸጠ፣ ከቀብሩ በኋላም ራሱ በምን ሁኔታ ላይ እንደቀረ የሚያሳይ አንድ መስመር አይገኝም። እድር የሚነቃው ጥሩምባ ሲነፋ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ አስታማሚ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስለ ዋግሹሞች የሚያወራ ሽማግሌ አላጣንም፤ ስለ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚያስረዳ ሊቅም አለን። የአስታማሚ ነገር ግን ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ ላይ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላልና ያየነውን እንዳየነው፣ ያላየነውንም ከአባቶቻችን እንደሰማነውና ከመጻሕፍት እንዳገኘነው አቅርበናል።

በአገራችን አስታማሚ ሲባል በመጀመሪያ የምትታሰበው ሴት ናት። እናት ካለች እናት፣ እናት ከሌለች ሚስት ወይም እህት፣ እነሱም ከሌሉ ምራት። ወንዱ በሽተኛውን ይሸከማል፣ ከብት ይሸጣል፣ ጠበል ያደርሳል፤ ሌሊቱ ግን የሴት ነው። አጥሚት የምታሞቀው፣ ያደፈውን የምታጥበው፣ በሽተኛው ጀርባው እንዳይቆስል የምታገላብጠው እሷ ናት። ውሃም አለ። የዋግን ምንጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በበጋ አንድ እንስራ ውሃ ለማምጣት ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ዳገቱን መውጣት ነው። በሽተኛ ያለበት ቤት ደግሞ ከሌላው ቤት የበለጠ ውሃ ይፈልጋል።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሽተኛ ከጾም ነፃ ነው፤ ካህኑም ሐኪሙም ብላ ይሉታል። አስታማሚዋ ግን ሁዳዴን ሙሉውን ትጾማለች። ለበሽተኛው የሠራችውን የዶሮ መረቅ ጨው ልክ መሆኑን በምላሷ ሳትቀምስ በአፍንጫዋ ብቻ ለክታ ታቀርባለች። የንስሐ አባቷን ብትጠይቅ ይፈቅዱላት ይሆናል፤ ስትጠይቅ ግን አላየንም። ይህን ያልነው ጾምን ለመንቀፍ አይደለም፣ እግዜር ያሳያችሁ። ልማዳችን በሽተኛውን በደንብ ሲያይ አጠገቡ የተቀመጠችውን አለማየቱን ለማመልከት ነው።

አባቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ነው። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ መጣና የአገሩን በሬ ጨረሰው። ከመቶ ከብት ዘጠናው አለቀ ይባላል። (ደስታ የተባለው በሽታውን ላለማስቀየም ነው። ይህ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ላይ ጠፍቷል ተብሎ ታውጆለታል፤ ደግ አደረገ።) በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ። ከረሃቡ ኋላ ፈንጣጣና ኮሌራ ተስቦም ተከታተሉ። ሽማግሌዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ስለ ሞተው ብዛት ከመናገር ይልቅ ሰው ሰውን ጥሎ የሄደበት ጊዜ ነበር ማለት ይቀናቸው ነበር። አስታማሚ ያጣ በሽተኛ ማየት ከሬሳ ይልቅ ያስደነግጥ ነበርና ነው።

በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የኅዳር በሽታ መጣ። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው ሞተ ተብሎ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም የሞቱ አሉ። የዚህ በሽታ ጠባዩ እንግዳ ነበር። ሌላው ጉንፋን ሕፃንና ሽማግሌ ሲመርጥ ይህ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ ይበልጥ ይጥል ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ቤት ውስጥ ውሃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨው፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን የሚያስታምመው ያው ጎልማሳ ነው። እሱ ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ ይወድቃል። በበሽታው ሳይሆን ውሃ የሚያቀብል ጠፍቶ የሞተው ብዙ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ የዚያ ጊዜ መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል። ጭሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የውሃ ማቀበሉ ነገር ግን ተረስቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በዋግ ደጋ ከረሃቡ ጋር አብሮ አስታማሚን ሲፈጅ የኖረው ቅማል ነው። ስሙን በመጽሔት ላይ ማየት ነውር የሚመስለው አንባቢ ይኖራል፤ ይቅርታ ይደረግልን፤ ሳይጠራ ስንቱን እንደፈጀ ስለምናውቅ ነው።

በልብስና በገላ ላይ በሚኖር ቅማል የሚተላለፉ ሁለት ከባድ በሽታዎች አሉ። አንደኛው ታይፈስ ነው። ሁለተኛው ግርሻ የሚባለው ሲሆን ትኩሳቱ አምስት ስድስት ቀን አሰቃይቶ ይለቃል፤ በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ተመልሶ ይጥለዋል። አባቶቻችን ሁለቱንም፣ የአንጀቱንም ጨምረው፣ በጠቅላላው ተስቦ ይሉ ነበር። የሚበረቱትም በክረምትና በብርድ ጊዜ፣ ሰው በአንዲት ጎጆ ተጠጋግቶ፣ በአንድ ቡልኮ ተሸፋፍኖ፣ ሳሙና አጥቶ በሚኖርበት ወቅት ነው።

የቅማል ጠባይ እንዲህ ነው። መጠነኛ ሙቀት ይወዳል። በሽተኛው በትኩሳት ሲነድ አይመቸውምና ይለቀዋል፤ ሞቶ ገላው ሲቀዘቅዝም ይለቀዋል። ለቆ የት ይሄዳል? አጠገብ ወዳለው ጤነኛ ገላ ነዋ! አጠገብ ያለው ማን ነው? ራሱን በጉልበቷ ላይ አድርጋ አጥሚት የምታጠጣው፣ ብርድ እንዳይመታው በአንድ ጋቢ አብራው የምትተኛው፣ ሲሞትም አቅፋው የምታለቅሰው ናት። ቀጥሎም ገላውን የሚያጥቡና የሚገንዙ አሉ።

ከዚህ የከፋም አለ። የግርሻው ጀርም የሚኖረው በቅማሉ ሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ቅማሉ ሲነክስ አያስተላልፈውም። ሰውን የሚይዘው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው፤ ፈሳሹ በቆዳ ጭረት ወይም በዓይን በኩል ይገባል። የታይፈሱ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ውስጥ አለ፤ ሰው ሲያክ ይገባል። በአገራችን የበሽተኛን ቅማል መልቀም ትልቅ የፍቅር ሥራ እንደነበረ ከእኛ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። እናት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የልጇን ጥብቆ እያገላበጠች፣ ያገኘችውን ሁሉ በሁለት አውራ ጣት ጥፍሮቿ መካከል እየጨፈለቀች ታጠፋለች። ምን በሽታ እንደያዘው ለማታውቀው ልጇ ማድረግ የምትችለው ይህን ነበር። የሚይዛትም በዚሁ ነበር።

ይህን ምሥጢር ዓለም ያወቀው ብዙ አልቆየም። ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ከተማ ሆኖ የታይፈስ በሽተኞች የሚገቡበትን ሆስፒታል ይከታተል ነበር። ከበሽተኞቹ ጋር ውሎ የሚያድረው በአልጋ ክፍል ውስጥ ያለው አስታማሚ አይታመምም። የሚታመሙት በር ላይ በሽተኛ የሚቀበሉትና የበሽተኛ ልብስ የሚያጥቡት ሠራተኞች ናቸው። በበሩና በክፍሉ መካከል ምን አለ ብሎ ቢመረምር፣ በሽተኛው ገላውን ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ በሽታው ከልብሱ ጋር ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ቅማል መሆኑን ከዚያ ተነሥቶ ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሌሎቹ እንደሱ ዕድለኞች አልነበሩም። የታይፈስን ጀርም ሲመራመሩ የነበሩት አሜሪካዊው ሪኬትስና ኦስትሪያዊው ፕሮዋዜክ ሁለቱም በዚያው በሽታ ሞቱ፤ የጀርሙ የሳይንስ ስም ከሁለቱ ስም የተወሰደ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በሰርቢያ ከነበሩት 400 የማይሞሉ ሐኪሞች መካከል ከ100 በላይ የሚሆኑት በዚሁ ታይፈስ እንዳለቁ ተጽፏል። እንግዲህ ነገሩ የእኛ የድኾች ብቻ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያመጣነው ለ1977 ነው።

ከዚያ በፊትም በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ ረሃብ ነበር፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በሰፊው አጥንተውታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎው ረሃብ ሆነ፤ እሱንም የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም አውጥቶት የመንግሥት ለውጥ እስከ ማምጣት እንደረዳ ይታወቃል። ሰው ግን የዋግ ረሃብ ሲል 1977ን ነው የሚለው። ዝናቡ ተከታታይ ዓመታት ቀርቶ፣ በዚያም ላይ ውጊያ ስለነበረ መንገዱ ተዘግቶ፣ እህል ወደ ሰቆጣ አይገባም ነበር። እህሉ የሚገኘው የመኪና መንገድ ባለበት በኮረም ነው። ስለዚህ የዋግ ሰው ወደ ኮረም ነቀለ። የዝቋላና የአበርገሌ ቆላ ሰው፣ የደሃናም ሰው፣ ሕፃን አዝሎ ሽማግሌ ደግፎ ተራራ ለተራራ ተጓዘ።

እኛ ያን ጊዜ ገና ወጣቶች ነበርን፤ የሚያልፈውን ሰው አይተናል። ብርቱ የሆነው ቀድሞ መድረስ ይችል ነበር። ብዙው ግን እንዲህ አላደረገም፤ በበሽተኛው እርምጃ ልክ ነበር የሚሄደው። ሽማግሌ አባት ያለው በአባቱ እርምጃ፣ ነፍሰ ጡር ሚስት ያለችው በሚስቱ እርምጃ። ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ አምስትና ስድስት ቀን ይሆናል፤ ስንቁ ግን የሁለት ቀን ነው። ያችኑ ቆሎ ለበሽተኛው ሰጥቶ እሱ ባዶ ሆዱን የተሸከመ ሰው፣ ኮረም ሲደርስ በሽተኛው ተርፎ እሱ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። ሰው ደግሞ ይገረማል፤ «ተሸካሚው እንዴት ሞተ?» ይላል። ታዲያ ማን ይሙት?

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቢዩርክና ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን ያዘጋጁት ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በኮረም ዙሪያ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ዓለም ያየው ጎህ ሲቀድ በሜዳው ላይ በብርድ የተኮማተረውን ሰውና በጆንያ የተጠቀለለውን ሬሳ ነው። አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ካከበረ ገና ስድስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ከዚያ በኋላ እህሉም ሐኪሙም መጣ።

የማይታየው ግን ይህ ነበር። ኮረም ደጋ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ሙቀት ፍለጋ ይተቃቀፋል። በአንድ መጠለያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይተኛል። ውሃ ለመጠጥም አይበቃም እንኳን ለመታጠብ። በዚህ ላይ ኩፍኝና ተቅማጥ፣ ታይፈስና ግርሻ ገቡ። በእናት ላይ ከልጅ፣ በልጅ ላይ ከእናት ተላለፉ። ሐኪሞቹ ግርሻን በአንድ ጊዜ በሚወሰድ ቴትራሳይክሊን ማዳን ይችላሉ፤ ነገር ግን ልብሱ ካልተቀቀለ ዋጋ የለውም። የዳነው ሰው ወደዚያው ጋቢ ይመለሳል። ልብሳችሁን ለመቀቀል አምጡ ሲባል ደግሞ ሰው ይጠረጥራል፤ ያለችው አንዲት ጋቢ ናት፤ እሷ እስክትደርቅ ሌሊቱ ይገባል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ካለማወቅ ቆጥሮት ይሆናል፤ እኛ ግን ሒሳቡ ይገባናል።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነበር። ለሕፃናት የሚሰጠው ወተትና ፋፋ በክብደትና በቁመት ተለክቶ በጣም ለተጎዳው ልጅ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ በቂ ስላልነበረ ነው። ልጁን ይዛ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው እናት ግን በዚያ መለኪያ አትለካም። ሌሎች ልጆቿ ደግሞ ውጭ ሜዳ ላይ ናቸው። እዚህ ስትቀመጥ እዚያ ያሉት ይጎዳሉ፣ እዚያ ስትሄድ የያዘችው ይሞታል። የዋግ እናት ያን ጊዜ የተሸከመችው ይህንን ነበር። ይህንንም በሕይወት ተርፈው ዛሬ ከመካከላችን የሚገኙ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ እናቶች ያውቁታል፤ አያወሩትም እንጂ።

የማስታመም ሸክም የተማረውንና ደመወዝ የሚከፈለውንም እንደማይምር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንጨምር። በዚያው ዓመት ክሌር በርትሺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ በመቀሌ ትሠራ ነበር። ከሺህ በላይ ሕፃናት በተሰለፉበት 60 ወይም 70 ልጆች ብቻ መርጣ ማስገባት ነበረባት። ምልክት የምታደርግበትን እስክርቢቶ ይዛ በሰልፉ መካከል ትሄዳለች፤ ያልመረጠችው እንደሚሞት ታውቃለች። ምግቡን ያሳነሰችው እሷ አልነበረችም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ስለዚያ ጊዜ ማንሳት አትወድም ነበር። መጽሐፏን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ደመወዝ ያላት፣ አገሯ የምትመለስ፣ የሞቱት ልጆች የራሷ ያልሆኑ ሴት ይህን ያህል ከከበዳት፣ የራሷን ልጅ በእርምጃ ልክ ስትሸከም የነበረችው የዝቋላ እናት ምን ያህል ይክበዳት? እሷን የጠየቃት ጋዜጠኛ የለም።

ከዚያ ቀጥሎ ሰፈራ መጣ። ከሰሜኑና ከመሐል አገር ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወሰደ፤ ከዋግም ብዙ ሰው ሄዷል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ተለያየ። ሽማግሌ እዚህ ቀርቶ ልጅ እዚያ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ አስታማሚና ታማሚ በሁለት አገር ሆኑ። ስለ ሰፈራ ሌላ ሰው በሌላ ጊዜ ቢጽፍ ይሻላል።

የኤድስ ዘመን ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። በአገራችን በሽታው ያለባቸው ሰዎች በመጀመሪያ የታወቁት በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ የማስታመም ልማዳችን እንደዚያ ዘመን የተፈተነ አይመስለንም። በቀድሞው ጊዜ በሽተኛ ያለበት ቤት ጎረቤት ይሞላበት ነበር፤ በኤድስ ጊዜ ግን ጎረቤት ቀረ። አስታማሚዋ ብቻዋን ሆነች። አያቶች ልጃቸውን አስታመው ከቀበሩ በኋላ የልጅ ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። ጓንት የሌለው ቤት በፌስታል እጁን ጠቅልሎ ያጥብ ነበር። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ሲጀምር ነው ሰው ከአልጋ መነሣት የጀመረው።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የነበሩ አንዳንድ እድሮች አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ። አባላቸው በየሳምንቱ ሲሞትባቸው ካዝናቸው ባዶ ሆነ፤ ቁጭ ብለው ተመካከሩና «የምንቀብርበትን ገንዘብ ለምን በሕይወት ሳለ አንረዳበትም?» አሉ። ደንባቸውን ለውጠው፣ በየቤቱ እየሄዱ በሽተኛ የሚያጥቡና ምግብ የሚያደርሱ ሰዎች መደቡ። ይህን የጠቀስነው በኋላ ስለምንመለስበት ነው።

አሁን ያለንበትን ጊዜ ደግሞ እንመልከት። ስለ ሰቆጣ ስም ብዙ ይወራል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ውል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው በከተማችን ስም ነው። ደስ ይላል፤ ነገሩ የሚያኮራ ባይሆንም ስሙ ከረሃብ ጋር ሲነሣ የኖረ ከተማ በዚህ መነሣቱ ይሻላል። ጤና ኬላውም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ሆስፒታሉም በአባቶቻችን ጊዜ ያልነበሩ ናቸው። ቅማሉም እንደ ድሮው አይደለም። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተነሣው ጦርነት በ2015 ጥቅምት ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅሎ በወለህ መጠለያ የተቀመጠውን ሰው ያየ፣ 1977ን ያስታወሰው ሳይወድ በግድ ነው። በሽተኛ አዝሎ መሰደድ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ መታየት አልነበረበትም።

በሽታውም ተለውጧል። የድሮው በሽታ ወይ ይገድላል ወይ ይለቃል፤ በሳምንት ወይም በወር ይለይለታል። ያሁኑ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ካንሰር፣ ግማሽ አካልን ሽባ የሚያደርገው ስትሮክ፣ የአእምሮ ሕመምም ጭምር፣ ዓመታት የሚፈጅ ነው። አስታማሚዋ ግን ያችው አንዷ ናት። በሽተኛው ወደ ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ሲላክ አብራ ትሄዳለች። በሆስፒታል ምግብ የምታጎርሰው፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝታ የምትመጣው፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፋ የምታድረው እሷ ናት። በሽተኛው ኽምጣኛ ብቻ የሚናገር ሽማግሌ ከሆነ አስተርጓሚም ትሆናለች። የማኅበረሰብ ጤና መድን መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የሕክምናውን ይሸፍናል። የአስታማሚዋን የመኪናና የምሳ ግን አይሸፍንም።

ስሟን ከማንጠቅሳት አንዲት የሰፈራችን ሴት ጋር በቅርቡ ተነጋግረን ነበር። ባሏን ሦስት ዓመት አስታመመች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችን። ወገቧ የተጎዳው እሱን በማንሳት ነው። ራሷን ሲያዞራት ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ባሏ ሲያርፍ እድሩ በወጉ ደረሰ፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ገንዘቡ ተከፈለ። በአርባው ማግስት እሷ ወደቀች። የደም ግፊቷ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ መቼ እንደጀመራት አይታወቅም። «በቀብሩ ዕለት መቶ ሰው ነበር ቤቴ የመጣው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ አንድ ሌሊት ቢመጣልኝ ኖሮ» አለችን። እኛም መልስ አልነበረንም።

ጥየቃ አለ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የታመመ መጠየቅ በወንጌልም በሐዲስም የታዘዘ ነው፤ ሰፈራችንም በዚህ አይታማም። ነገር ግን ጠያቂ አምስት ስድስት ሆኖ ሲመጣ ቤቱን የምትጠርገው፣ ቡናውን ቆልታ የምታፈላው ያችው አስታማሚ ናት። ጠያቂው «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሏት ሲሄድ ሲኒው ይቀራል። ኧረ ሲኒውን እንኳ እንጠብላት!

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ አለን። ገንዘብ ያዣችን ከወዲሁ «ለሕያው መክፈል ከጀመርን ካዝናው ይደርቃል» ብለውናል። ስጋታቸውን እናከብራለን፤ የእድር ገንዘብ የሙታን አደራ ነው። ዳሩ ግን እኛ የምንጠይቀው በዋነኛው ገንዘብ አይደለም፤ ሌሊት ነው። ለምሳሌ ስድሳ አባወራ ያለበት ሰፈር አንድ ከባድ በሽተኛ ቢኖርበትና በየተራ አንድ አንድ ሌሊት ቢይዝ፣ ለአንድ ቤት የሚደርሰው በሁለት ወር አንድ ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት አስታማሚዋ ትተኛለች። ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀንም ተራ ሊያዝላት ይችላል። ከገንዘብ የሚያስፈልገው ሳሙናና ጓንት ነው፤ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ለሚሄድ በሽተኛም ለአስታማሚው የመሳፈሪያ ብድር ነው፤ ይህም ወደፊት ለቤተሰቡ ከሚከፈለው ላይ ሊታሰብ ይችላል። በመዝገቡም ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ «ያስታመመው» የሚል። ከቀብሩ በኋላ በወሩ ሁለት ሰው ሄዶ ያን ሰው ጤና ጣቢያ ወስዶ ያሳየው፣ ግፊቱን ያስለካለት።

የቃሬዛውም ጉዳይ አለ። በአንዳንድ አገር ቃሬዛ የሚሸከም ማኅበር አለ፤ አባሉ ሲታመም በተራ ተሸክሞ መኪና መንገድ ያደርሰዋል። የእኛ እድር የሬሳ ቃሬዛ እንጂ የበሽተኛ ቃሬዛ የለውም፤ በሬሳው ላይ ሕያው ሰው ማስተኛት ደግሞ ሰው አይወድም፣ ትክክልም ነው። ሁለት አዲስ ቃሬዛ በባሕር ዛፍ እንጨትና በጠንካራ ሸራ ቢሠራ ዋጋው ከአንድ ድንኳን በጣም ያንሳል። አናጢ አባል አለን፤ እንጨቱ ከተገኘለት በነፃ እሠራለሁ ብሏል። የሚቀመጠውም በእድሩ ዕቃ ቤት ከድንኳኑ አጠገብ ይሆናል፤ ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አሁን ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ለድንኳኑ ይህ ይበቃ ነበር፣ እስኪነጋ መጠበቅ ይቻላልና። ቃሬዛው ግን ሌሊት ስለሚፈለግ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾ ለጥሩምባ ነፊው እንዲሰጥ ጉባኤው ይወስን።